የእኔ አውራ እና የአያ እንድሪስ ንቦች

ከአያ እንድሪስ ጋር የተጣላነው በእርሻ አይደለም፣ በከብትም አይደለም። አንድ ወንዝ አንዲት ግራር ከእኔ ወስዶ ለእርሱ ስለሰጠው ነው። ይህን ስነግራቸው የአሁን ልጆች ይስቃሉ። ይሳቁ። እኔም ዛሬ ሳስበው እስቃለሁ፤ ያኔ ግን ለሳቅ የሚሆን ጉልበት አልነበረንም።

ነገሩን ከሥሩ ላስረዳችሁ። እኔ ስለማልቸኩል እናንተም አትቸኩሉ። ቤቴ ከቆቦ ወደ ዋጃ ሲኬድ ከመኪናው መንገድ ወረድ ብሎ፣ ሆርማት ወንዝ ዳር ነው። ሆርማት ወንዝ ይባል እንጂ አብዛኛውን ጊዜ አሸዋ ነው። ክረምት ሲገባ ግን ከላይ ከደጋው ጎርፍ እየነዳ ይመጣና እንዳሰኘው መኝታውን ያነጥፋል፤ ዘንድሮ በዚህ፣ ከርሞ በዚያ። በእኛ አካባቢ ልማድ ደግሞ ወንዝ ድንበር ነው። ከወንዙ ወዲህ ባለው ዛፍ ላይ የእኛ መንደር ሰው ቀፎ ይሰቅላል፣ ከወንዙ ወዲያ ባለው የማዶዎቹ ይሰቅላሉ። አባቶቻችን ይህን ሲወስኑ ወንዙ እግር ይኑረው አይኑረው አላጣሩም።

ታዲያ ክፉው ዘመን ሊገባ ሲል በመጣው የመጨረሻ ጎርፍ፣ ሆርማት ከግራሯ በስተ ወዲያ መፍሰሱን ተወና በስተ ወዲህ ፈሰሰ። አባቴ ቀፎ ሲሰቅልባት የኖረች፣ እኔም ከእርሱ የተቀበልኳት ግራር ማታ በእኛ ዳር ነበረች፣ ጠዋት በማዶ ተገኘች። እየሮጥኩ ብደርስ አያ እንድሪስ ከሥሯ ቆሞ ገመድ ይወረውራል።

አያ እንድሪስ በዕድሜ ትንሽ ይበልጠኛል። ረጅም፣ ቀጭን፣ ጺሙን በሂና የሚያቀላ፣ በማዶ መንደር በንብ የታወቀ ሰው ነው።

«አሰላሙ አለይኩም» አለኝ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ።

«ወዓለይኩም ሰላም። ምን እየሠራህ ነው አያ እንድሪስ?»

«ቀፎ እየሰቀልኩ።»

«በእኔ ዛፍ ላይ?»

«ወንድሜ፣ ያንተ ነበረች። ወንዙ ሰጠኝ። ቅር ካለህ ወንዙን ክሰስ።»

ወንዙን ክሰስ! መንገድ ሙሉ ይህን እያላመጥኩ ተመለስኩ። ወንዝ መጥሪያ ቢደርሰው በየት በኩል ፈርሞ ይቀበላል? ቀጠሮ ቢሰጠውስ ከክረምት በፊት ይመጣል?

ሄደን ሄደን ሼህ ይማም ዘንድ ደረስን። ሼህ ይማም የሁለቱንም ዳር ሰው የሚያስታርቁ ሽማግሌ ናቸው፤ በጉልምስናቸው ራሳቸውም ንብ አርብተዋል። ሁለታችንንም እስኪበቃን አስጮሁንና ፈረዱ። ወዲህ ያዘነበለው ቅርንጫፍ የእኔ፣ ወዲያ ያዘነበለው የአያ እንድሪስ። «አበባው ግን የአላህ ነው፤ እርሱን ልክፈል አልልም» አሉ። ሁለታችንም እኩል ተከፍተን ወጣን። በእኛ አገር ጥሩ ፍርድ የሚባለውም ይኸው ነው፣ ሁለቱም ወገን እኩል የሚከፋበት።

ከዚያ ዝናቡ ቀረ።

በልጉ ቀረ፣ ክረምቱም እንደ እንግዳ ብቅ ብሎ ተመለሰ። ስለዚያ ስልሳ አምስት ዓመተ ምሕረት ብዙ አልልም፤ ያየ አይቶታል፣ ያላየም በእኔ ወሬ አያየውም። ማሽላው በጉልበቱ ልክ ደረቀ። ከብቱ አለቀ። ሰው ደጁን በእሾህ እየዘጋ ወደ መኪናው መንገድ ወረደ፤ ቆቦ ዳር አቧራው ላይ ተቀምጦ እህል የጫነ መኪና ይጠብቅ ነበር። ንቡም እንደ ሰው ነው፣ የሚቀመስ ሲጠፋ ይሰደዳል። በየዛፉ የሰቀልኳቸው ቀፎዎች አንድ በአንድ ጸጥ አሉ። ያቺ ግራር ብቻ ሥሯ ከአሸዋው በታች ያለውን እርጥበት አግኝቶ ኖሮ አበበች። በሜዳው ሁሉ መሐል ብቻዋን ቢጫ ለብሳ ቆመች። በላይዋ ሁለት ቀፎ ቀረ፤ የእኔ የመጨረሻው፣ የአያ እንድሪስም የመጨረሻው።

እኔና የልጆቼ እናት ዘሃራ ላንሄድ ተማማልን። የሄደውን መናቃችን አልነበረም። ልጆቹ ትንንሾች ናቸው፣ እዚያ መንገድ ዳር ከተቀመጡት መሐል ደግሞ የማይነሳው ብዙ ነበር። «ያ ቀፎ እስካለ ማር አለ፤ ማሩን በማሽላ እንለውጣለን፤ ማሽላ እስካለ ደጃችንን አንዘጋም» አልኳት። እርሷም «ንቡ ቢሄድስ?» አለችኝ። «አይሄድም» አልኩ። ንቡን እንዳላማከርኩት ግን ታውቃለች።

ማሩን የምንሸጠው ቆቦ፣ ጠጅ ለምትጥለው ለወይዘሮ ዘውዴ ነው። አንተ ሙስሊም ሆነህ ለጠጅ ቤት ማር መሸጥህ እንዴት ነው ብሎ የጠየቀኝ ሰው ነበር። እኔ የሸጥኩት ማር ነው። ከዚያ ወዲያ ጌሾ ትጨምርበት፣ ዳቦ ትቀባበት፣ ተከትዬ አላየሁም። ወይዘሮ ዘውዴ ደርባባ፣ አፏ ከማሩ የሚጣፍጥ ሴት ነበረች። ሾፌሮች በዚያም ዘመን ይጠጡ ስለነበር ማር ትፈልጋለች፤ ጓዳዋም እህል አይጠፋም። በደህናው ጊዜ አንድ ቅል ማር ብዙ ማሽላ ያመጣ ነበር። አሁን ግን ቅሌን አስቀምጬ ገና ሳልቀመጥ፣

«ውይ ወንድምዓለም፣ ምን ላድርግህ» ትለኛለች። «አያ እንድሪስ ትናንት መጥቶ አንድ ቅል ማር በሁለት ቁና ማሽላ ሰጠኝ። አንተን ደግሞ እወድሃለሁ፤ ግን ምን ላድርግ?»

እኔም ከአያ እንድሪስ ላላንስ «በአንድ ተኩል ውሰጅው!» እላለሁ። በሚቀጥለው ገበያ ለእርሱ ደግሞ የእኔን ስም ትጠራለታለች። እርሱም «በአንድ!» ይላል። እንዲህ እየተጋፋን ቁልቁል ወረድን። በመጨረሻ ማሩን በግማሽ ቁና ሰጥቼ፣ ከእርሱ በልጬ ልታይ ብዬ ቅሉንም መረቅሁላት። ያንን ቅል ዘሃራ እስከ ዛሬ ትጠይቀኛለች።

አንድ ቀን እኔ ስወጣ አያ እንድሪስ ሲገባ በሩ ላይ ትከሻ ለትከሻ ተጋጨን። «በስንት ሰጠሃት?» ብንባባል ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። ግን ተኳርፈን ነበርና እርሱ ወደ ሰማይ አየ፣ እኔ ወደ ጫማዬ አየሁ። ጫማም አልነበረኝም።

ቤት ያስቀመጥኩት የዓምናው ማር አለቀ። አሁን የቀረኝ በቀፎው ውስጥ ያለው ነው። ማታ ማታ ከግራሯ ሥር ቆሜ መግቢያውን ሳይ ልቤ ይሞላ ነበር፤ ንቡ እንደ ቆቦ ገበያ ይጋፋል፤ ገባ ወጣ፣ ገባ ወጣ። ለዘሃራ «ይህ ቀፎ ሞልቶ ሊፈነዳ ነው» አልኳት። የእኔ አላዋቂነት ወዴት እንደሚሄድ ቀስ ብላችሁ ታያላችሁ።

ንብ ውኃ ይሻል። ስለዚህ ከግራሯ ሥር አሸዋውን በእጄ ቆፈርኩ። ወገቤ ድረስ ስገባ ውኃ ወዛ። ንቦቹ እንዳይሰጥሙ ጭድ በተንኩበት። ሰው ሲያልፍ ይጠጣል፣ እርሱን አልከለከልኩም። ሲውል ሲያድር ግን የአያ እንድሪስም ንቦች እዚያው እንደሚጠጡ ጠረጠርኩ። ይህን ልታገሠው አልቻልኩም! ዛፌን ወንዝ ወሰደብኝ፣ ዋጋዬን ወይዘሮ ዘውዴ ወሰደችብኝ፣ አሁን ውኃዬን!

«አያ እንድሪስ፣ ንቦችህን ከጉድጓዴ አርቅ» አልኩት።

«እሺ» አለ፣ ከማዶ ቅርንጫፉ ሥር እንደተቀመጠ። «አንተ ያዝልኝ፣ እኔ በገመድ አስራቸዋለሁ።»

«ያንተ መሆናቸውን ባስመሰክርስ?»

«በምን? ስማቸውን ጠይቀህ?»

ከዚያ ነው አመዱን ያመጣሁት። የድሮ ንብ አዳኞች የዱር ንብ የት እንደሚገባ ለማወቅ በዱቄት ነስንሰው ይከተሉት ነበር። ዱቄት የት አለና፣ እኔ የነፋሁት አመድ ነው። ከጉድጓዱ ዳር በልቤ ተኝቼ፣ ውኃ ልትጠጣ ጎንበስ ባለችው ሁሉ ላይ በጣቴ እየቆነጠርኩ እበትን ጀመር። በዚህ መሐል አንድ የአፋር ግመለኛ ግመሉን እየጎተተ መጣ። ውኃውን ጠጣና ለረጅም ጊዜ አየኝ።

«ምን ታደርጋለህ?»

«ንብ አመድ እቀባለሁ።»

ግመለኛው ሌላ አልጠየቀኝም። ከአቁማዳው ቆንጠር አድርጎ ትንሽ የደረቀ ቴምር እጄ ላይ አኖረልኝና፣ «አላህ ያሽርህ» ብሎ ሄደ። ርሃብ አእምሮዬን የወሰደው መስሎት ነው። ቴምሩን ለልጆቼ ወሰድኩላቸው፤ ከዚያ ሁሉ ድካም በዚያን ሰሞን ያተረፍኩት እርሱን ብቻ ነው።

የአመዱ ነገር ግን ሠራ! ነጭ ነጭ የሆኑት ንቦች ጠጥተው እየተነሱ በቀጥታ ወደ አያ እንድሪስ ቀፎ ገቡ። በደስታ ጮህኩ። ሼህ ይማምን ከነምርኩዛቸው ጠርቼ አመጣሁ፤ ከሁለቱም መንደር ገና ያልተሰደደው ሰው ሁሉ ተከትሏቸው መጣ። በዚያ ዘመን የሚያስቅ ነገር እህል ያህል ተወዶ ነበር።

«ይኸው ሼሄ፣ ይዩ! ያቺ አመዳሟ! ወዴት ገባች?»

«ወደ እንድሪስ ገባች» አሉ ሼህ ይማም።

አያ እንድሪስ ጺሙን ዳበስ ዳበስ አደረገና ተነሳ። «መልካም። የእኔ ከእርሱ ውኃ ጠጥተዋል። የእርሱስ ከእኔ ቅርንጫፍ አልቀሰሙም? ከእርሱ ቀፎ የሚወጡትን እኔ ልቀባና ወዴት እንደሚሄዱ እንይ» አለ። ቀይ አፈር በእጁ ፈጭቶ፣ መሰላል አስደግፎ፣ ከእኔ ቀፎ መውጫ ላይ ነሰነሰ። ቀያዮቹ እየወጡ በረሩ። የሕዝቡ ሁሉ አንገት ተከተላቸው። አንዷም አበባ ላይ አላረፈችም፣ ሁሉም ተሰልፈው ወደ አያ እንድሪስ ቀፎ ገቡ።

ሰዉ መሬት ላይ ተንከባለለ። «ንቦችህም ከድተውህ ለማዶ ገቡ!» አለ አንዱ። «ወንዙ እነርሱንም ሰጠው!» አለ ሌላው። አያ እንድሪስ በሳቅ ከመሰላሉ ሊወድቅ ደረሰ።

ሼህ ይማም ብቻ አልሳቁም። «አንተ፣ ቀፎህን አውርድ» አሉኝ።

አወረድኩት። ገና ስይዘው ገባኝ፤ እንደ ባዶ ቅል ቀሎኛል። ስንከፍተው የማር እንጀራው ሁሉ ተቦርቡሮ፣ ሰፈፉ እንደ ገለባ ሆኗል። በመሐል አንድ እፍኝ የማይሞሉ ንቦች ተቃቅፈው፣ አውራቸውን ከበው ተቀምጠዋል። አውራው አለ፤ ረጅም፣ ወርቃማ፣ ደህና አውራ። ማሩ ግን የለም። ያ እንደ ቆቦ ገበያ ሲጋፋ በልቤ የኮራሁበት ንብ የአያ እንድሪስ ንብ ነበር፤ የእኔን ማር ሲዘርፍ ሰንብቷል። እኔም ከሥር ቆሜ ለዘራፊዎቼ ውኃ ስቀዳ፣ በአመድ ስሞሽር ከርሜአለሁ።

ሰዉ መሳቁን ተወ። እኔ የዘሃራን ዓይን ፈለግሁ፤ ከኋላ ቆማለች፣ ትንሹን ልጅ አዝላ። ባዶውን ቀፎ ታያለች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

«ማሬ በቀፎህ ውስጥ ነው!» አልኩት አያ እንድሪስን። «አሁኑኑ ክፈት!»

«ዘራፊዋ ንብ እንጂ እኔ አይደለሁም! ደግሞ ያለኝ የራሴው የዱሮ ማር ነው፤ ከፈለግህ ላሳይህ!» ብሎ የእርሱንም አወረደ። በድፍረት ከፈተው። ማሩ አለ፣ ንቡም ብዙ ነው። ነገር ግን ድምፁ ልክ አይደለም። ንብ ደህና ሲሆን አንድ ላይ ያሸበሽባል፤ ይህኛው ግን ከፍ ዝቅ እያለ እንደ ለቅሶ ቤት ያለቅሳል። አያ እንድሪስ እንጀራውን በጣቱ እያራቀ ፈለገ። እጭ የለም። እንቁላል የለም። እንደገና ፈለገ። ከዚያ እጁን አወጣና ተረከዙ ላይ ተቀመጠ።

«አውራው ሞቷል» አለ።

ንብ ለማያውቅ ሰው ላስረዳ። አውራ የሌለው ቀፎ አይወልድም፤ ያሉት ንቦች ሲያረጁ ሁሉም ያልቃል። ንብ የሌለው አውራም ብቻውን አይኖርም። በቅርቡ አንድ የግብርና ሠራተኛ መጥቶ «አውራው ሴት ናት» ብሎ ነገረን፤ ዘሃራ ከጓዳ ሆና «እኔ ድሮም ጠርጥሬ ነበር» አለች። እኔ ግን በለመድኩት አውራው እላለሁ። እንግዲህ በዚያ ሜዳ ሁሉ የቀረው አንድ ሙሉ ቀፎ ንብ እንኳ አይደለም፤ ግማሹ የእኔ፣ ግማሹ የእርሱ ነው።

«አንድ ላይ አድርጉት፤ እንዳይጋደል ዱቄት ነስንሳችሁ ቀላቅሉት» አሉ ሼህ ይማም።

ብልህ ሰዎች ብንሆን እሺ እንል ነበር። እኛ ግን ዋጋ ጀመርን።

«አውራህን ሽጥልኝ» አለኝ አያ እንድሪስ።

«አንተ ንቦችህን ሽጥልኝ።»

«በምን ትገዛቸዋለህ? በአመድ?»

«አንተስ? በወንዝ?»

«በማር እከፍልሃለሁ!»

«በገዛ ማሬ?»

ፀሐይዋ ወደ ተራራው ስታዘቀዝቅ እኛ ገና እንካ ሰላንትያ ላይ ነን። በቀፎው ውስጥ ያለችው እፍኝ ንብ ደግሞ ብርድ እየያዛት ትረግፋለች። ያኔ ዘሃራ ሄዳ ተመለሰች፤ በእጇ አንዲት ትንሽ ሙዳይ ይዛለች። በመሐላችን ገብታ ቆመች።

«ስሙኝ» አለች። «ሼህ ይማም ንቡ እንዳይጋደል ዱቄት ነስንሳችሁ ቀላቅሉት ብለዋል፤ ሰምቻለሁ። ይህ የገብስ ዱቄት የልጆቼ የነገ ቁርስ ነው። ሌላ የለኝም። እናንተ ስትጨቃጨቁ ይህ ንብ ካለቀ፣ ለእነርሱ ከነገ ወዲያ የምሰጠው የለኝም፤ ያንተም ሚስት የላትም አያ እንድሪስ። እንኩ። ከዚህ በኋላ አንድ ቃል የሚናገር ካለ ዓይኑ ላይ ነው የምበትነው።»

እኔ ግን ተናገርኩ። «በአመድ አይሆንም?» አልኩ፣ ለልጆቹ ቁርስ ሳስቼ።

«ንቦቹ እኮ እርስ በርስ እየተላላሱ ነው የሚለማመዱት» አሉ ሼህ ይማም። «አንተ አመድ ትልሳለህ?»

ዱቄቱን ነሰነስን፤ በእርሱ ንቦችም፣ በእኔ እፍኝም፣ በአውራውም ላይ። ሁሉም ነጭ ሆኑ። አያ እንድሪስ አውራውን ከነአጃቢዎቹ በሁለት መዳፉ አድርጎ ወደ ራሱ ቀፎ አስገባ። ንቦቹ አውራውን ካልተቀበሉት ይነድፉታል፣ ከነደፉት አለቀ። ሁለታችንም ጆሯችንን ቀፎው ላይ ለጠፍን፤ እርሱ በወዲያ፣ እኔ በወዲህ፣ አፍንጫ ለአፍንጫ ልንነካካ ትንሽ ቀረን። ከተኳረፍን ወዲህ ፊቱን በዚያ ቅርበት አላየሁትም ነበር። ጉንጩ ጎድጉዷል። የእኔም ጎድጉዶ ይሆናል።

ለቅሶው ቀጠለ። ቀጠለ። ከዚያ ከውስጥ አንድ ጥግ ላይ ዝም ማለት ጀመረ። ዝምታው እየሰፋ፣ እየሰፋ ሄደና ሁሉም ባንድ ድምፅ ያሸበሽብ ጀመር።

«አልሐምዱሊላህ» አለ አያ እንድሪስ በሹክሹክታ። ትንሽ ቆይቶም፣ «ቀፎው የእኔ ነው፤ አውራው ያንተ ነው። ግራሯም ያንተ ናት እንበል» አለ።

በማግስቱ ከቀፎው የተወሰነ ማር ቆረጥን፣ ለንቦቹ የሚበቃውን ተውን። ለሁለት ተካፍለን፣ አንድ ዋጋ ተማምለን፣ አብረን ወደ ቆቦ ወረድን። ጠጅ ቤቱ በር ላይ ስንደርስ የአያ እንድሪስ የጫማ ጠፍር ተበጠሰና ወደ ኋላ ቀረ፤ እኔ ቀድሜ ገባሁ።

«ሦስት ቁና» አልኩ፣ ቅሌን አስቀምጬ።

ወይዘሮ ዘውዴ ደረቷን መታች። «ሦስት! ውይ ወንድምዓለም፣ አያ እንድሪስ እኮ ትናንት እዚሁ ተቀምጦ በግማሽ ቁና ልስጥሽ እያለ ሲለምነኝ ነው የዋለው!»

«ምን ለብሼ ነበር?» አለ አያ እንድሪስ፣ ጫማውን በእጁ አንጠልጥሎ እየገባ።

በቤቱ የነበሩት ሾፌሮች ጠረጴዛ እየደበደቡ ሳቁ። ወይዘሮ ዘውዴም ዋዛ ሴት አይደለችም፣ አልደነገጠችም። «ውይ፣ በሕልሜ ኖሯል» አለች። እስከ ሁለት ዝቅ በሉልኝ ብላ ማለች፣ ተገዘተች፣ እንባ አወጣች። እኛ ቅላችንን አንስተን ወጣን። ሆዴ «ተመለስ» ይለኛል፤ አያ እንድሪስ ደግሞ «ወደ ኋላ ብትዞር አንገትህን ነው የምሰብረው» ይለኛል። ከከተማው ጫፍ፣ ሕዝቡ ከተቀመጠበት አቧራ ዳር ስንደርስ የወይዘሮ ዘውዴ ሠራተኛ እየሮጠች ደረሰችብን። ሦስት ቁና፣ ሦስት ቁና ተቀበልን።

ያ ማሽላ አቆየን። እየተቆጠበ፣ ከቅጠል ጋር እየተቀቀለ አቆየን። ሲያልቅ ግን ዝናቡ ገና አልመጣም ነበር። በቀፎው ውስጥ ደግሞ ለንቡ የተውነው ማር አለ። ማር እዚያ መኖሩን እያወቁ መራብ እንዴት እንደሆነ አልነግራችሁም። አንድ ጠዋት ዘሃራ ሳታየኝ ቢላና ቅል በኩታዬ ሸፍኜ ወደ ግራሯ ወረድኩ። ስደርስ አያ እንድሪስ በማዶ በኩል እየመጣ ነው። እርሱም ኩታው በአንድ ጎኑ አብጧል።

«ምን ልትሠራ መጣህ?» አለኝ።

«ንቡን ልጠይቅ። አንተስ?»

«እኔም ልጠይቅ።»

ቆምን። የእርሱ ቢላ ከኩታው ሥር ጫፉን አውጥቷል። የእኔም ሳይታይ አልቀረም። ከላያችን ንቦቹ ጥቂት ጥቂት እየሆኑ ይወጣሉ፣ ባዶ እግራቸውን ይመለሳሉ።

«ደህና ናቸው» አለ አያ እንድሪስ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ።

«ደህና ናቸው» አልኩ።

«እንግዲያስ እንሂድ። አንተ ቅደም።»

«አይ፣ አንተ ቅደም። ታላቅ ነህ።»

ማንም ማንንም ከኋላ ትቶ ለመሄድ አላመነም። በመጨረሻ ቢላዎቹን አውጥተን፣ በአንድ ገመድ አስረን፣ ሼህ ይማም ዘንድ አስቀመጥን። ሼህ ይማም ምን እንደሆነ አልጠየቁንም። ከዚያ በኋላ የዛፍ ሥር እየማስን፣ ጉመሮ የሚባለውን የቁጥቋጦ ፍሬ እየለቀምን፣ የጉድጓዷን ውኃ በየቀኑ ወደ ታች እየተከተልን ከረምን። በደህናው ጊዜ የማይበላውን ሁሉ በላን። ቀፎውን ግን አልነካንም።

ዝናቡ በሐምሌ ማለቂያ ጣለ። እንዴት እንደጣለ ብነግራችሁ አታምኑኝም፤ ሰው ሁሉ ከቤት ወጥቶ ቆሞበት ነበር። ሜዳው አረንጓዴ ቀለም ሲያነሳ እኔና አያ እንድሪስ ከጠዋት ጀምሮ ከግራሯ ሥር ተቀምጠን መግቢያውን እናያለን። የእርሱ ዓይን ከዚያ ዓመት ወዲህ ደክሟል፤ ስለዚህ እኔ አያለሁ፣ እርሱ ይጠይቃል።

«ያቺ ምን ይዛለች?»

«ምንም።»

«ከኋላዋ ያለችውስ?»

«እርሷም ባዶ ናት።»

«በደንብ እይ እንጂ! ዓይን አለህ አይደል!»

በደንብ አየሁ። አንዲት ትንሽ ንብ እየከበዳት መጣችና መግቢያው ላይ ዘጭ አለች።

«ቢጫ» አልኩ።

«ምን?»

«ቢጫ ይዛለች፤ የአበባ ዱቄት። በሁለቱም እግሯ። ከኋላዋም ያለችው ይዛለች። ያቺም!»

ንብ የአበባ ዱቄት ተሸክማ የምትገባው ለልጅ ነው። አውራው ወልዷል ማለት ነው። አያ እንድሪስ ፊቱን በኩታው ጫፍ ጠረገ፤ ከዚያም ብድግ ብሎ እጅጌውን ጠቀለለና ከወንዙ ዳር ጭቃ በእግሩ መርገጥ ጀመረ።

«ምን ሆንክ አያ እንድሪስ? ምን ልትሠራ ነው?»

«አንተ ሰውዬ፣ ባዶ ቀፎዎቻችንን በበጋው እየሰበርን አንድደናቸዋል። በመስከረም ይህ ሞልቶ መንጋ ሲወጣለት ወዴት ሊገባ ነው? ቀፎ ልንሠራ ነው! ተነስ፣ ለምርጊቱ እበት ፈልግ።»

«እበት? ከብት የት አለና ነው እበት የምፈልገው?»

«ፈልግ አልኩህ!»

ከሆርማት እስከ ዋጃ በእግሯ የቆመች ላም መኖሯን የሚያውቅ አላህ ብቻ ነበር። ያችን ቢላዬን የሸሸግኩባትን ኩታዬን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጌ፣ እበት ፍለጋ ወጣሁ።